ለሦስት ከተማ አንድ ጎላ

እናቴ «አንቺ እኮ እሳት የረገጥሽ ነሽ» ትለኛለች፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል። እንዲህ ያለችን ሴት ከአዲስ አበባ እስከ መቱ አውቶቡስ ላይ መጫን ግፍ ነው። ግፉን የፈጸመችብኝ ደግሞ እሷው ናት። ታናሽ ወንድሟ ጋሼ ኢተፋ ከመቱ ደውለው፣ «ያቺን ስለ ጥምር መንግሥት የምታስተምረውን ልጅሽን ላኪልኝ፤ የእኔም መንግሥት ሊፈርስ ነው» አሏት። እሷም እኔን ሳትጠይቅ «ትመጣለች» አለች።

የጋሼ ኢተፋ መንግሥት እድር ነው። ኢሉባቦርን ላላያችሁ ላስረዳ። ከቡሬም ከኖፓም የታመመ ሰው ለሕክምና የሚመጣው መቱ ነው። የዳነው በእግሩ ይመለሳል፤ የሞተውን ግን ወደ አገሩ የሚመልስ መኪና ያስፈልጋል። አንዱ ከተማ ብቻውን መኪና መግዛት ስላቃተው የሦስቱ ከተሞች እድሮች ተጣመሩ። መኪና፣ ድንኳን፣ ለለቀስተኛ ወጥ የሚሠራባቸው ጎላ የሚባሉት ትልልቅ ድስቶች ሁሉ የጋራ ሆኑ። የመቱዎቹ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የኖፓዎቹ ፕሮቴስታንት፤ የቡሬዎቹ ደግሞ ከስልጤና ከጉራጌ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች። ሊቀመንበሩ ጋሼ ኢተፋ ናቸው፤ ከግብርና ቢሮ በጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሥራ የላቸውም።

ረቡዕ ንጋት ላይ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ወሊሶ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደውና ትከሻዬን ትራስ አደረገው። እኔ ባልተያዘው እጄ የተማሪዎቼን ሥራ አርም ነበር። ርዕሱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በጥምር መንግሥት ውስጥ ያሉ መሪዎችን አወዳድሩ። እኛ አገር ግንባር እንጂ እንዲህ ያለ ጥምር መንግሥት ስላላየን ምሳሌዎቼ ሁሉ የሰው አገር ናቸው፤ ጀርመን፣ ሕንድ፣ ኬንያ። ክፍል ውስጥ መሪዎቹን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። አጋሮቹን ሳያማክር ውሃ የማይጠጣ አለ፤ ወስኖ ከጨረሰ በኋላ የሚያማክር አለ፤ አጋሮቹ እስኪደክማቸው ዝም የሚልም አለ። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ደርድሮ «ጥሩ መሪ ማለት ታጋሽ ነው» ብሎ ዘግቶታል። «ታጋሽ» የሚለው ላይ በቀይ አሰመርኩበት። ቃሉን አልወደውም።

ጅማ ምሳ በላን። አጋሮን አልፈን አውቶቡሱ አንድ ነገር ጮኸበትና ቆመ። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ» ብሎ ከሥሩ ገባ፤ የአምስት ደቂቃ ነገር የትም አገር አንድ ነው። ተሳፋሪው ሣር ላይ ተዘርግቶ በቆሎ ሲበላ እኔ መንገዱን ሽቅብና ቁልቁል ስለካው ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ «ይቺ ልጅ በእግሯ ልትቀድመን ነው» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ፤ ከዚያ የተቀቀለ በቆሎዋን ገምሳ ሰጠችኝ። በደሌ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በከተማዋ ስብሰባ ስለነበረ አልጋ የለም። የመጨረሻው ሆቴል በር ላይ ቆሜ ስንቆራጠጥ፣ ከጎኑ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት አየችኝና «ነዪ፣ እኔ ከልጄ ጋር እተኛለሁ» ብላ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። የእግር መታጠቢያ ውሃም አሙቃ አመጣች። አዲስ አበባ «አልጋ የለም» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጠዋት ልከፍላት ስል ተቆጣችኝ።

ሐሙስ ከበደሌ ወደ መቱ የሚወስደው መንገድ በያዮ ጫካ ውስጥ ያልፋል። ጎረቤቴ የነበረው እንቅልፋም ዛሬም ከጎኔ ነበር፤ ነቅቶ «ይኼ ሁሉ ከሥሩ ቡና ነው» አለኝና ተመልሶ ተኛ። ዝናቡ እንደ እኛ ሰፈር ደመና አስጠንቅቆ አይመጣም፤ ፀሐይ እየወጣም ይዘንባል። ጋሼ ኢተፋ መናኸሪያ ጃንጥላ ይዘው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው የሚንጠባጠብ ሰው ናቸው። ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የተቀቀለ ጎደሬ በማር አቀረቡልን። እኔ በልቼ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ እሳቸው ገና ሁለተኛውን ጎደሬ ይልጡ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩኝ፤ ምንድን ነው የተፈጠረው?»

«ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። ነገሩ ይህ ነው። ሦስቱ ከተሞች ሲጣመሩ ቡሬዎች አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር፤ በጋራው ጎላ ሥጋ እንዳይቀቀል። ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ አይበላ፣ ሙስሊም የክርስቲያን አይበላ፤ ምስርና ጎመን ግን ሃይማኖት የላቸውም። ይህን የጣሰ ከእድሩ እንዲሰረዝ ደንቡ ላይ ሰፈረ። እንግዲህ ባለፈው ወር የቡሬ ሴቶች መቱ ለለቅሶ መጥተው ወጥ ሊሠሩ ጎላውን ቢያነሡት እጀታው ሥር የዶሮ ወጥ ቅባት ደርቆ አገኙ። ሳይበሉ ተመለሱ። ለለቅሶ መጥቶ እህል ሳይቀምሱ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የቡሬው መሪ ሐጂ ከድር በማግስቱ ደውለው «ማን ነው?» አሉ። ጋሼ ኢተፋ «አላውቅም» አሉ። እሑድ ስብሰባ አለ፤ ስም ካልተጠራ ቡሬ ትወጣለች። ቡሬ ከወጣች መኪናውን መያዝ አይቻልም።

«እና በእርግጥ አያውቁም?»

«መቱ በሙሉ ያውቃል» አሉ።

ጎላዎቹ የሚቀመጡበት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእትዬ ጥሩነሽ እጅ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ከጋሼ ኢተፋ ሦስት ቤት አልፎ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ውሃና እንጨት የምታቀርብላቸው ጎረቤት ልጇን ስትድር ጎላዎቹን ለመነቻቸው፤ እምቢ ማለት አልቻሉም። ታጥቦ ይመለሳል፣ ማን ያውቃል ብለው ሰጡ። የመቱ ሰው ሁሉ አፉን ዘጋላቸው፤ የራስ ሰው ነዋ። ወሬው ቡሬ እንዳይደርስ አንድ ከተማ ሙሉ እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ቢሆን በማግስቱ ስልክ ላይ ይገኝ ነበር።

ወደ ማታ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው «እንግዳ መጣ አሉ» ብለው መጡ። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ከመቀመጣቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ እኔ ልጅ አልወለድኩም። የሚቀብረኝ ይኼ እድር ነው። ከእሱ ከሰረዙኝ ውሻ ነው የሚበላኝ» አሉኝ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁላቸው።

ዓርብ በጎሬ በኩል ወደ ቡሬ ሄድን። ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ጎሬ ላይ በቆመበት ጊዜ ጋሼ ኢተፋ ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስል ዝናቡን ያዩ ነበር። ቡሬ ስንደርስ የጁምዓ ሶላት ነው፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ይህን ማንም ልጅ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ «ስንደርስ እንደርሳለን» ብለው ነው። ከተዘጋው ሱቅ ፊት ስመላለስ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ስጎትተው ሶሉ ተገንጥሎ ባዶ ቆዳውን ይዤ ወጣሁ። ማዶ ያለች ጉልት ሻጭ በሳቅ ፈርሳ መጣች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ የራሷን ኮንጎ የፕላስቲክ ጫማ አውልቃ «ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ላኪው» አለችኝ። እሷ በባዶ እግሯ ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች። ኮንጎው ሰፍቶኝ ቀኑን ሙሉ ሲጮህብኝ ዋለ።

ሐጂ ከድር ሙሉ ነጭ ለብሰው ከመስጊድ መጡ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኢተፋ እህት ልጅ!» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ምሳው ሽሮ፣ ጎመንና የበቆሎ ቂጣ ነበር። ባለቤታቸው «ዓርብ ነው፤ ኢተፋ ይጾማል ብዬ ቅቤ አልነካሁትም» አሉ። የእነዚህን ሰዎች ቅሬታ ከዚያ ምሳ በላይ ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም ነበር።

ሐጂ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ሰዎች ጋ ደወሉ፤ በመሃልም ደወሉ። ሳያማክሩ «አዎ» የማይሉ ሰው ናቸው።

«ኢተፋ፣ እኔ ሰው ይሰረዝ ብዬ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሰዎቼ ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ነበር የለመናችሁት፤ እሱንም አላከበራችሁትም ይሉኛል። ስሙን ስጠኝ። ከእሑዱ ስብሰባ ስም ይዤ ካልተመለስኩ እኔም መሪ ሆኜ አልቆይም።»

«እሑድ እንነጋገራለን» አሉ ጋሼ ኢተፋ።

ከበር ስንወጣ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ለእሑድ የተረፈ ነገር ምን አለ? እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ቅዳሜ የኖፓ ተራ ነበር። የኖፓ መሪ ገመቹ ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ጎልማሳ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ወደ ኖፓ የሚሄደው መኪና ጣሪያው ድረስ ጭነት ነበረበት፤ እኔ በአንድ ከረጢት ማዳበሪያና በጋሼ ኢተፋ ጉልበት መካከል ሄድኩ። ገመቹ መላጊያውን ሳያስቀምጥ ነገሩን ሰማና እዚያው ቆሞ ወሰነ።

«ጎላውን እጠቡት፣ ነገሩን ዝጉት። ስም አይጠራም።»

«ቡሬዎች ስም ካልተጠራ እንወጣለን እያሉ ነው» አልኩት።

«ቡሬ ባለች ቁጥር የምንጎነበስ ከሆነ ኖፓም ትወጣለች! ለአንዲት ድስት ሰው ይሰረዛል? አይሆንም። ለሰዎቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

«መቼ ነገርካቸው? አሁን እኮ ነው የወሰንከው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለና ሳቀ። ከዚያ ለእኔ ብሎ የሠራው ይመስል ከግድግዳው ትንሽ ባለሦስት እግር በርጩማ አውርዶ ሰጠኝ። «ለመንገድሽ፤ መቀመጥ ትወጃለሽ መሰለኝ» አለ፤ ቆሜ ስንቆራጠጥ አይቶኝ ነው። ጋሼ ኢተፋ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ስንመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ እኛ መራመድ ጀመርን፤ እኔ በርጩማዬን ተሸክሜ። ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ አንዱ ስም ካልጠራችሁ እሄዳለሁ አለ፤ ሌላው ከጠራችሁ እሄዳለሁ አለ። የእርስዎ ሰዎች ደግሞ ከተናገሩ ያወርዱዎታል። ዝም ብለው የት ይደርሳሉ?»

«አንቺ የምታስተምሪያቸው ሰዎች እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?»

ተናድጄ ስለነበር እንደ ክፍል ውስጥ በቁም አነበነብኩላቸው። አንዳንዱ ጊዜ ይገዛል። አንዳንዱ አንዱን አጋር ይጥላል። ብልጡ ደግሞ የተጣሉበትን ነገር አንሥቶ ለከሳሹ አጋር ያስረክባል፤ «ያንተ ነው፣ አንተው ወስን» ይለዋል። ሲከስ የነበረ ሰው ዳኛ ሲሆን እጁ ይከብደዋል።

ጋሼ ኢተፋ ቆሙ። «ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። መኪናው ከኋላ ደርሶ እስከ መቱ ጫነን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ኢተፋ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ብቻቸውን ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ራስሽ ተናገሪ ብላት፣ ስሜን ከምታነሣው ግደለኝ አለችኝ» አሉ። እትዬ አልማዝ ያቀረቡትን ምሳ ሳይነኩ ተነሡ። ያኔ ነው የፈራሁት። ሐጂ ከድር «ይሰረዙ» ቢሉስ? መንገድ ላይ የወረወርኩት ምክር የአንዲት አሮጊት ቀብር ሊሆን ነው።

ስብሰባው በቀበሌ አዳራሽ ነበር። ሰው ሞልቶ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሁሉም እጁን አጣምሮ ጠበቀ። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ጥፍሬን በላሁ። ሲያባራ ጋሼ ኢተፋ ተነሡ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ።

«ማን ነው ስትሉኝ አላውቅም ያልኩት ዋሽቼ ነው። አውቃለሁ። ስሙን እናገራለሁ። ነገር ግን የበደለችው መቱ ናት፤ የተበደለችው ቡሬ። ስለዚህ ፍርዱን ቡሬ ብቻ ትስጥ። መቱ እጅ አታወጣም፤ እኔም አላወጣም። ይሰረዝ ካለች ይሰረዛል፤ ይቅር ካለች ይቀራል። ኖፓ ትስማማለች?»

ገመቹ የትናንት ዛቻውን ረስቶ ከመቀመጫው «ቶሌ!» ብሎ ተስማማ፤ እንደ ልማዱ ሰዎቹን ሳይጠይቅ።

«ቁልፉን ይዛ ጎላውን ያዋሰችው ጥሩነሽ ናት።»

አዳራሹ ጮኸ። «አንተ ምን ነካህ!»፣ «የራስህን ጎረቤት!» የሚሉት ሁሉ መቱዎች ነበሩ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሐጂ ከድር ስልካቸውን አወጡ፤ አይተውት መልሰው ከኪሳቸው ከተቱት። የሚደውሉላቸው ሰዎች ሁሉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም እሳቸውን ያያል። ከቡሬዎች ጋር ወደ ውጭ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ አንዱ ወጣት ነጋዴ እጁን እያወራጨ ይከራከራል፤ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተዋል። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ቆሜ የጠበቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ተመልሰው ገቡ። «ጎላዎቹ ይሸጡ፣ ሌላ ይገዛ» አሉ። «ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ሁለተኛውን መቱ የምትኖር የእኛ ሴት ትያዝ። ሴትዮዋ አትሰረዝም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ቀባሪ አሳጥቼ አላህ ፊት አልቆምም።» ቡሬም ኖፓም አጨበጨቡ፤ እኔ አለቀስኩ።

መቱዎች አላጨበጨቡም። አንድ ሰው ተነሥቶ የሊቀመንበሩ ነገር ይታይ አለ። ሐጂ ከድር «ኢተፋ ይቆይልን» ብለው ለመኑ፤ ገመቹም ጮኸ። ግን መቱ ብዙ ናት። ጎረቤቶቻቸው፣ አብረዋቸው ቢሮ የኖሩ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አብረዋቸው የቆሙ ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ምክትላቸው ሊቀመንበር ሆነ። ጋሼ ኢተፋ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጃንጥላቸውን ፈለጉ። ለተማሪዎቼ ይህን የማስረከብ ዘዴ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ዘዴውን የተጠቀመው ሰው በማግስቱ ምን እንደሚሆን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ማንን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ሰኞ ንጋት መናኸሪያ ሊሸኙኝ ወጡ። የባለኮንጎዋን ጫማ ቡሬ ለሚሄድ ሾፌር አደራ ሰጡልኝ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ እስከ ትናንት እጃቸውን አልለቅ ይሉ የነበሩት ሁሉ ከሩቅ ባርኔጣ ነክተው ያልፋሉ። የእትዬ ጥሩነሽ በር ክፍት ነበር። ልሰናበታቸው ጠጋ ስል እትዬ ከውስጥ መጡ፤ ከኋላዬ ጋሼ ኢተፋን አዩአቸው፤ በሩን ፊታችን ላይ ዘጉት። የመቀርቀሪያው ድምፅ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ሴት ነው ያተረፉት?» አልኩ። መጮኼን ያወቅሁት ከጮኽኩ በኋላ ነው። «ሹመትዎን አጡ፣ ጎረቤትዎን አጡ! አሁን ደግሞ በር ይዘጉብዎታል!»

እሳቸው የተዘጋውን በር ትንሽ አዩት። ከዚያ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው መራመድ ጀመሩ።

«ትዝጋው» አሉ። «ቀባሪ አላት።»